አዲሱ መዝገብ ሳይመረመር አሮጌውን ስለ መዝጋት

የመንግሥት ሥራ ከሚጸናባቸው ነገሮች አንዱ መዝገብ ነው። ማን በየወሩ ምን ያህል ደመወዝ እንደሚቀበል፤ በግምጃ ቤት ስንት ዕቃ እንዳለ፤ ከየትኛው በጀት ስንት ብር ወጪ እንደ ሆነ በመዝገብ ተጽፎ ካልተገኘ፣ ሹሙ የሚያዝበት፣ መርማሪው የሚመረምርበት፣ ባለጉዳዩም መብቱን የሚጠይቅበት መሠረት አይኖርም። ቀድሞ ይህ መዝገብ በየክፍሉ ተለያይቶ ይጻፍ ነበር። የሠራተኞች አስተዳደር የራሱን፣ ሒሳብ ክፍል የራሱን፣ ንብረት ክፍልም የራሱን ይይዛል፤ እርስ በርስ የማይስማሙ በሆኑ ጊዜ ጸሐፊዎቹ ተጠራርተው በቃል ያስታርቋቸዋል። ዛሬ ግን እነዚህን ሁሉ በአንድ ሰንሰለት አያይዞ የሚይዝ ታላቅ ሶፍትዌር በየመሥሪያ ቤቱና በየባንኩ ይተከላል። ሕዝቡ በአጭሩ «ሲስተም» ብሎታል፤ በመስኮቱ ፊት ተሰልፎ የሚቆመውም ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ከለመደው ሰንብቷል።

ይህን የመሰለውን ሶፍትዌር መግዛት መኪና እንደ መግዛት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ዋጋው ይከፈላል፤ ቁልፉ ይሰጣል፤ ሾፌሩ ይነዳል፤ ነገሩም በዚህ ያበቃል ብለው ያስባሉ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የሚለወጠው የቤቱ ጠቅላላ የሥራ ሥርዐት ነው፤ ማን እንደሚፈርም፣ ማን እንደሚያይ፣ ስሕተት ሲገኝ ማን እንደሚያርም ሁሉም ከሥሩ ይነቀላል። ስለዚህ ሥራው ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው በማን ትእዛዝና በምን ዐይነት ቍጥጥር ይመራል የሚለው ጥያቄ፣ የትኛው ሶፍትዌር ይገዛ ከሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ይህ ሐሳብ በቃል ብቻ የተነገረ እንዳይሆን፣ በሀብትና በትምህርት የታወቀ አንድ መንግሥት በዚህ ጉዳይ ላይ ምን እንደ ደረሰበት መመልከት ይጠቅማል።

በ2016 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ከካናዳ ማዕከላዊ መንግሥት በዚሁ የደመወዝ መዝገብ የሚከፈላቸው ሠራተኞች 290,000 ያህል፣ መሥሪያ ቤቶቹም 101 ነበሩ። መንግሥቱ ከሠራተኞች ማኅበራት ጋራ የተዋዋላቸው የኅብረት ስምምነቶች 105 ሲሆኑ፣ ከነዚህ የሚመነጩት የአከፋፈል ደንቦች ከ80,000 ይበልጣሉ። ይህን የሚያህል ደንብ ለምን አስፈለገ ብሎ የሚደነቅ ሰው ቢኖር፣ የወህኒ ቤት ጠባቂውን፣ በመርከብ ላይ የሚያድረውን የባሕር ጠባቂ፣ በሌሊት የሚሠራውን ነርስ፣ ለጊዜው በአለቃው ቦታ ተተክቶ የሚሠራውን ጸሐፊ፣ ወልዳ የተኛችውን ሠራተኛ ያስብ። ለያንዳንዳቸው የሚታሰበው አበልና የሚቀነሰው ሒሳብ የተለያየ ነው። ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ካለው ይልቅ በልምድ ያውቁት የነበሩት በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠው የኖሩት የደመወዝ ጸሐፊዎች ናቸው።

አሮጌው የደመወዝ ኮምፒዩተር 40 ዓመት ያህል አገልግሎ ነበርና መለወጡ የሚያስነቅፍ አይደለም። በ2009 የተፈቀደው ዕቅድ ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው፣ በ46 መሥሪያ ቤቶች ተበታትነው የነበሩትን 1,200 ያህል የደመወዝ ጸሐፊዎች ትቶ ሥራውን በአንድ ከተማ መሰብሰብ ነው። ሁለተኛው፣ አሮጌውን ሶፍትዌር በአዲስ መተካት ነው። ለሁለቱ በአንድነት 310 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ተመደበ፤ ከዚህም ውስጥ 155 ሚሊዮኑ ለአዲሱ ሶፍትዌር መሥሪያና መትከያ ነበር። ሥራው ሲፈጸም በየዓመቱ 70 ሚሊዮን ዶላር ይተርፋል ተብሎ ታሰበ። በ2011 አይ ቢ ኤም ከተባለው ኩባንያ ጋራ ውል ተፈረመ፤ ኩባንያውም ፒፕልሶፍት የተባለውን የታወቀ ሶፍትዌር ለካናዳ ደንብ እንዲስማማ አድርጎ ሊሠራ ተስማማ። ለአዲሱ ሥርዐትም ፊኒክስ የሚል ስም ወጣለት። ፊሳልጎስ የተባለውን መጽሐፍ ያነበቡ ሊቃውንት የዚህን ወፍ ታሪክ ያውቁታል፤ ራሱን አቃጥሎ ከዐመዱ የሚነሣው ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ከታሪኩ የወደዱት መነሣቱን ነበር፤ ወፉ አስቀድሞ መቃጠሉን ግን ያሰቡበት አይመስልም።

የደመወዙ ሥራ የሚሰበሰብበት ከተማ በኒው ብራንስዊክ ግዛት የምትገኘው ሚራሚሺ እንድትሆን ተወሰነ። በዚያች ከተማ የነበረው የጠመንጃ መዝገብ ጽሕፈት ቤት ሲዘጋ ሥራ ለሚያጡት ሰዎች ምትክ ሥራ እንዲሆን ታስቦ ነው ተብሏል። ለአገሩ ሰው ሥራ ማሰብ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ በየመሥሪያ ቤቱ የነበሩት አሮጌዎቹ ጸሐፊዎች ቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና ዘመዶቻቸውን ትተው ወደ ሩቅ ከተማ ለመሄድ የፈቀዱት ጥቂቶች ነበሩ። በ1,200 ሰዎች ፋንታ በሚራሚሺ 460 የደመወዝ ጸሐፊዎችና 90 ረዳቶች ተቀመጡ፤ ከነዚህም የሚበዙት ለሥራው አዲሶች ነበሩ። እንግዲህ ለብዙ ዓመታት በልብ ተይዞ የኖረው ዕውቀት አዲሱ ሶፍትዌር ሥራ ሳይጀምር አስቀድሞ ተበተነ። የጥፋቱ ሥር ከሶፍትዌሩ በፊት የተተከለ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ልብ ብሎ መመርመር የሚገባው በ2012 ጸደይ የሆነው ነገር ነው። የዕቅዱ ዝግጅት ሲያበቃ አይ ቢ ኤም ሥራው ተፈጽሞ እንዲተከል 274 ሚሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ አስታወቀ። የተፈቀደው 155 ሚሊዮን ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ሥራውን ለሚመሩት ሹማምንት ሦስት መንገድ ነበራቸው። ወደ በጀት ፈቃጁ ቦርድ ተመልሰው «የተነገረን ዋጋ ይህ ነው፤ ይጨመርልን» ማለት አንዱ ነው፤ ሥራውን ማቆም ሁለተኛው ነው፤ ዋጋውንና ቀኑን እንዳለ ትቶ ሥራውን መቀነስ ሦስተኛው ነው። እነርሱ ሦስተኛውን መረጡ። ሶፍትዌሩ እንዲፈጽማቸው ከታቀዱት 984 ተግባሮች ከ100 የሚበልጡት ወጡ ወይም ወደ ኋላ ተላለፉ፤ የሠራተኛው ቍጥር ተቀነሰ፤ ጊዜውም ተጣበበ። ከተላለፉት ተግባሮች አንዱ ወደ ኋላ ተቈጥሮ የሚከፈለውን ደመወዝ የማስላት ሥራ ነበር። የደመወዝ ጭማሪ ዘግይቶ ሲጸድቅ ያለፈው ወር ልዩነት የሚታሰበው በዚህ ነውና፣ የኅብረት ስምምነት በሚታደስበት አገር ይህ ተግባር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ማንም ሒሳብ ክፍል የዋለ ጸሐፊ ያውቃል።

ይህ ውሳኔ በቅን ልቡና የሚታይ ከሆነ የተወሰነበት ምክንያት ይገባል። ሹሙ ወደ ላይ ተመልሶ ገንዘብ አነሰኝ ቢል ሥራውን እንደማያውቅ ይቈጠርበታል ብሎ ይፈራል፤ የተነገረው ቀን ቢያልፍም እንደ ሰነፍ ይታያል። ስለዚህ በሁሉም ፊት የሚታዩትን ሁለቱን፣ ቀኑንና ገንዘቡን፣ ይጠብቃል፤ የማይታየውን ሦስተኛውን፣ የሥራውን ጥራት፣ ይቀንሳል። ቤት የሚያሠራ ሰው ገንዘብ ቢያንሰው ጣሪያውን ቢያስቀር ሁሉ ያይበታል፤ የመሠረቱን ድንጋይ ቢያስቀር ግን እስከ ክረምት ድረስ ማንም አያውቅበትም። የካናዳ ሹማምንት ያስቀሩት ይህን የመሠረቱን ድንጋይ ነው።

ከመሠረቱም በኋላ ሊያድናቸው የሚችል አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም ሙከራ ነው። አስቀድሞ በአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ እንዲሞከር ታቅዶ ነበር፤ በ2015 ሰኔ ግን ይህ ሙከራ ተሰረዘ፤ ምክንያቱም የተነገረው ቀን እንዳያልፍ ነው። ሶፍትዌሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድነት አልተፈተነም፤ በከፊል ሲፈተን ከወደቁት ተግባሮችም እንደ ገና ያልተፈተኑ ነበሩ። ሥራው ቢሰናከል በምን እንደሚከፈል የተዘጋጀ ሌላ መንገድ አልነበረም። ከየመሥሪያ ቤቱ አልተዘጋጀንም የሚል ድምፅ ተሰምቶ ነበር፤ ነገር ግን ሥራውን ይመሩ የነበሩት ሹማምንት ለበላያቸው ሲያስረዱ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል አሉ። እነርሱን የሚቈጣጠር፣ ከእነርሱ ትእዛዝ ውጭ የሆነና መቆም አለበት ለማለት ሥልጣን ያለው መርማሪ አልነበረም።

በ2016 የካቲት 24 ቀን 34 መሥሪያ ቤቶች ወደ አዲሱ ሥርዐት ገቡ፤ ወዲያው ቅሬታ ተሰማ። የሠራተኞቹ ማኅበራት ሁለተኛው ዙር እንዲዘገይ ጠየቁ፤ የሚሰማቸው ግን አልተገኘም። በሚያዝያ 21 ቀን የቀሩት 67 መሥሪያ ቤቶች ገቡ፤ አሮጌውም ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ የሆነው ነገር ለሰሚ የሚያስቸግር ነው። ከሠራተኞቹ አንዳንዱ ደመወዙ ጐደለበት፤ አንዳንዱ ከሚገባው በላይ ተላከለት፤ አንዳንዱም ለብዙ ሳምንት ምንም ሳይቀበል ቀረ። የቤት ብድር መክፈል ያቃታቸው፣ የጡረታቸውን ነገር የተጨነቁ፣ ደመወዜ ይበላሻል ብለው የሹመት ዕድገት ለመቀበል የፈሩ ነበሩ። ትርፍ የተከፈላቸው ሰዎች ሲመልሱ፣ ወደ እጃቸው የገባውን ብቻ ሳይሆን ለግብር ተቀንሶ ያላዩትን ገንዘብ ጭምር እንዲመልሱ የሚያስገድድ ሕግ ስለ ነበረ፣ የመንግሥት ስሕተት በሠራተኛው ላይ ዕዳ ሆነ። ሕጉ በኋላ ተሻሽሏል።

የመንግሥቱ ዋና ኦዲተር ማይክል ፈርጉሰን በ2017 ባወጡት ምርመራ፣ እስከዚያው ዓመት ሰኔ ድረስ ደመወዛቸው መታረም ያለበት ሠራተኞች ከ150,000 በላይ መሆናቸውን፣ ያልታረመውም የደመወዝ ስሕተት ከ520 ሚሊዮን ዶላር ማለፉን ገለጹ። በ2018 ባወጡት ሁለተኛ ምርመራ ደግሞ ነገሩ ከአመራርና ከቍጥጥር ጕድለት የመጣ፣ ለማመንም የሚያዳግት ውድቀት መሆኑን ጻፉ። በዚያው ዓመት የካናዳ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ ጠቅላላ ወጪው እስከ 2023 ድረስ 2.2 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ገመተ። እንግዲህ በ2012 ይጨመርልን ሳይባል የቀረው 119 ሚሊዮን ዶላር ከዚህ ጋራ ሲመዛዘን ስንት እጅ እንደ ሆነ ማስላት ለማንም አያስቸግርም። በየዓመቱ ይተርፋል የተባለውም 70 ሚሊዮን፣ ሶፍትዌሩ መሥራቱ ሳይታወቅ ጸሐፊዎቹ አስቀድመው በመቀነሳቸው ምክንያት ሳይገኝ ቀረ።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የኩባንያው ነው፤ ወይም የሶፍትዌሩ ነው የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። ኩባንያ ትርፍ የሚፈልግ እንደ መሆኑ በዐይነ ቍራኛ ሊጠበቅ እንደሚገባ የሚያከራክር አይደለም። ነገር ግን ፒፕልሶፍት በሌሎች አገሮችና በብዙ ታላላቅ ድርጅቶች ደመወዝ ሲከፍልበት የኖረ ነው፤ ትክክለኛውንም ዋጋ በ2012 የተናገረው ራሱ ኩባንያው ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው፣ ይህን የመሰለ ነገር ከስድስት ዓመት በፊት በሌላ አገር ደርሶ በዐደባባይ የታወቀ መሆኑ ነው። በአውስትራልያ የኪውንስላንድ ግዛት ጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2010 መጋቢት አዲስ የደመወዝ ሥርዐት ጀመረ፤ ወደ 80,000 ለሚጠጉ ነርሶች፣ ሐኪሞችና ሌሎች ሠራተኞች የሚከፍል ነበር፤ እርሱም ተበላሸ። ወጪው 1.2 ቢሊዮን የአውስትራልያ ዶላር እንደሚደርስ ተገመተ፤ በ2013ም አንድ መርማሪ ኮሚሽን ተሰይሞ ጉዳዩን በዝርዝር አጣርቶ ጻፈ። የኮሚሽኑ ጽሑፍ የወጣው ፊኒክስ ሥራ ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቀድሞ ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ማንም ሊያነበው የሚችል ነበር።

ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የሄደ ሁሉ ይወድቃል ማለት አይደለም። የወደቀውና የተነሣው አንድ ድርጅት ሆኖ ሲገኝ ምክንያቱን ለይቶ ማየት ይቀላልና፣ የአሜሪካው የከረሜላና የቸኮላት ሠሪ ሄርሺ ታሪክ እዚህ ላይ ቢነሣ ቦታው ነው። ይህ ኩባንያ በ1990ዎቹ ዓመታት ትእዛዝ መቀበያውን፣ መጋዘኑንና ሒሳቡን በአንድነት ለማያያዝ 112 ሚሊዮን ዶላር ያህል አውጥቶ ኤስ ኤ ፒ የተባለውን ሶፍትዌርና ሌሎች ሁለት ሶፍትዌሮችን ገዛ። ሥራው 48 ወር እንዲወስድ ተመክሮ ሳለ፣ የ2000 ዓመት ቁጥር አሮጌዎቹን ኮምፒዩተሮች ያሳስታቸዋል ተብሎ ይፈራ ስለ ነበር፣ በ30 ወር እንዲፈጸም ታዘዘ። በዚህም ላይ ሁሉም በአንድ ቀን እንዲተከሉ ተደረገ። ቀኑም ተገፍቶ በ1999 ሐምሌ ላይ ዋለ። ሐምሌ ለአሜሪካ ከረሜላ ሻጭ እጅግ የከፋ ወር ነው፤ በጥቅምት መጨረሻ ልጆች እንደ እኛ አገር ሆያ ሆዬ ቤት ለቤት እየዞሩ ከረሜላ የሚቀበሉበት ሀሎዊን የተባለ በዓል አለና፣ ነጋዴው ሁሉ ትእዛዙን የሚልከው በዚያ ሰሞን ነው። ከረሜላው በመጋዘን ሞልቶ ሳለ ሶፍትዌሩ የት እንዳለ ሳያውቅ ቀረ፤ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ትእዛዝ ለገዢ ሳይደርስ ቀረ፤ የዚያ ሩብ ዓመት ትርፍም 19 በመቶ ወደቀ።

ያው ኩባንያ በ2001 ያንኑ ሶፍትዌር በአዲስ ዐይነት ሊለውጠው ተነሣ። በዚህ ጊዜ ግን አካሄዱ ተለወጠ። ሥራው ከበዓሉ ሰሞን አስቀድሞ በ2002 ግንቦት እንዲያልቅ ተደረገ፤ ሙከራው በረከተ፤ አመራሩም ጠነከረ፤ ከታሰበውም ገንዘብ 20 በመቶ ያህል ተርፎ ሥራው ያለ ችግር ተፈጸመ። ሶፍትዌሩ ያው ነበር ለማለት ይቻላል፤ የተለወጠው ቀኑ ለሥራው እንዲታዘዝ መደረጉ ነው። አስቀድሞ የተፈጸመው ስሕተት ተሰውሮ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለተኛው ሥራ በምን መንገድ ይቃና እንደ ነበር ማሰብ ያስቸግራል።

ሌላው የሚያከራክር ነገር፣ መሥሪያ ቤቱ ለሶፍትዌሩ ይታዘዝ ወይስ ሶፍትዌሩ ለመሥሪያ ቤቱ ይታዘዝ የሚለው ነው። የጀርመኑ የምግብ ነጋዴ ሊድል ከ2011 ጀምሮ ኤስ ኤ ፒን ለመትከል ሰባት ዓመት ደክሞ፣ ወደ 500 ሚሊዮን ዩሮ የሚገመት ገንዘብ ካወጣ በኋላ በ2018 ሥራውን አቆመው። ከተነገሩት ምክንያቶች ዋናው፣ ሶፍትዌሩ የመጋዘኑን ዕቃ በመሸጫ ዋጋ ሲመዘግብ፣ ሊድል ግን እንደ ልማዱ በመግዣ ዋጋ ካልሆነ አልቀበልም ማለቱ ነው። ይህን ለማስማማት የተደረገው ቅጥልና ጥፍ ሥራውን አወሳሰበው። ልማድ ሁሉ ሊጠበቅ አይገባም፤ ልማድ ሁሉም ሊጣል አይገባም፤ የቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚለየው ሰው ግን የልማዱን ምክንያት የሚያውቅ የቤቱ ሰው መሆን አለበት። ሊድል ያን ያህል ገንዘብ ከፈሰሰ በኋላ እንኳ ማቆሙ ከካናዳው ሹማምንት ይልቅ ያስመሰግነዋል፤ የወጣውን ገንዘብ እያሰበ የሚቀጥል ሰው ያልወጣውንም ያጣልና።

ይህ ክርክር በእኛ አገር ጉዳዩ የተለየ ክብደት አለው። ከውጭ አገር የሚገዛው ሶፍትዌር ዓመቱን በ12 ወር ከፍሎ፣ ሰውንም በቤተ ሰብ ስም እየጠራ የተሠራ ነው። እኛ ግን 13ኛ ወር አለን፤ የመንግሥት በጀት ዓመትም የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ ለሰውም የአባቱና የአያቱ ስም እንጂ የቤተ ሰብ ስም የለውም። አያት በሚጻፍበት ቦታ የቤተ ሰብ ስም እያለ የሚጠይቅ ሶፍትዌር አባትና ልጅን በተለያየ ስም፣ ባዕዳኑን በአንድ ስም ሊመዘግባቸው ይችላል። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ አያይዞ ሁለተኛው ለያይቶ ቢጽፈው፣ ኀይል የሚለውም በአንዱ መዝገብ በብዙኀን ኀ በሌላው በሐመሩ ሐ ቢጻፍ፣ ለኮምፒዩተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። የወር ደመወዝተኛ በጳጉሜን የማይከፈለው መሆኑን ለእኛ ሰው ማንም አያስረዳውም፤ ለውጭ አገር ሠሪ ግን ካልተነገረው በምን ያውቀዋል? የቀን መቍጠሪያውና የሰው ስም ሊድል እንደ ያዘው ዐይነት ልማድ አይደሉም፤ ሕዝቡ የሚኖርባቸው ናቸውና ሶፍትዌሩ ይታዘዝላቸው። አንድ ደብዳቤ በሰባት ጠረጴዛ ዞሮ በሰባት ማኅተም መታተሙ ግን እንዲህ አይደለም፤ ሶፍትዌር በሚገባበት ጊዜ ይህን ማስቀረት ካልተቻለ፣ ሰባቱ ጠረጴዛ በኮምፒዩተር ውስጥ ተመልሶ ይሠራል።

በ2020 ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው ዕቅድ ከጸደቀ ወዲህ፣ አስቀድሞም ተጀምሮ የነበረው የመንግሥት ሒሳብንና ግዢን ወደ ኮምፒዩተር የማዛወር ሥራ እየሰፋ ሄዷል። እንዲህ ያለው ሥራ በሚጀመርበት ቤት ሁሉ ሹሙ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ከካናዳ ታሪክ ተነሥተው ይቀርቡለታል። የሥራው ባለቤት ማን ነው? የኮምፒዩተር ክፍሉ ኀላፊ ነው ተብሎ ከተመለሰ ሥራው ባለቤት የለውም ማለት ነው፤ የደመወዝ ሥርዐት ባለቤት ደመወዝ የሚከፍለው ሹም፣ የግምጃ ቤት ሥርዐት ባለቤትም ግምጃ ቤቱን የሚያዝዘው ሹም ነውና። ኮሚቴ መሰየሙም ብቻውን አይበቃም፤ ኮሚቴ በስሕተቱ ጊዜ የሚጠየቅ ስም የለውም። ሁለተኛው ጥያቄ፣ ቁም ለማለት ሥልጣን ያለው ማን ነው የሚለው ነው። ሥራው ባለቀ ጊዜ የሚሸለመው ሰው ሥራው እንዲቆም ይፈርዳል ብሎ መጠበቅ የሰውን ጠባይ አለማወቅ ነው፤ ስለዚህ መርማሪው ከሥራው መሪ በታች ሳይሆን ከጎኑ ተቀምጦ፣ ያየውን በቀጥታ ለሚኒስትሩ የሚጽፍ መሆን አለበት። ክፉ ወሬ ይዞ የሚመጣው ጸሐፊ በቁጣ ከተመለሰ፣ ከዚያ ወዲያ ለሹሙ የሚደርሰው ሁሉ ደኅና ነው የሚል ቃል ብቻ ይሆናል።

ስለ ዕውቀትም ነገር አለ። ሠላሳ ዓመት ፔሮል የሠራው ጸሐፊ እንግሊዝኛው ደካማ ሊሆን፣ ኮምፒዩተርም ሊያስፈራው ይችላል፤ ከኩባንያው የመጣው ወጣት ግን ሰሌዳው ላይ በፍጥነት እየሣለ ያስረዳል። በእንዲህ ያለው ስብሰባ ሽማግሌው ዝም ይላል፤ ዝም በማለቱም የተስማማ ይመስላል። እርሱን ከሥራው ለሦስት ወር ያህል አውጥቶ፣ በቦታው ሌላ ሰው ተክቶ፣ ከወጣቱ ጎን አስቀምጦ እያንዳንዱን ደንብ በአማርኛ እንዲያስረዳና እንዲጻፍለት ማድረግ ገንዘብ ያስወጣል። ይህ ወጪ በብዙ ዕቅድ ውስጥ ተጽፎ አይገኝም። ማሠልጠኛም ተብሎ የሚመደበው ገንዘብ በጀት ሲያንስ መጀመሪያ የሚቀነሰው ነው፤ ሠራተኛውም ሶፍትዌሩን የሚያየው ሥራ በሚጀመርበት ማለዳ ይሆናል።

የብራና ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ፣ ቅጂው ባለቀ ጊዜ እናት ቅጂውን ወዲያው ለባለቤቱ አይመልስም። አንዱ እያነበበ ሌላው እያየ ሁለቱን ያስተያያል፤ የተዘለለው መስመር ከዳር ይጻፋል፤ የተሳሳተው ይፋቃል፤ መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ይደጐሳል። የደመወዝና የሒሳብ መዝገብ ሲገለበጥም እንዲሁ ነው። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ተይዘው፣ ያው ወር በሁለቱም ተሠርቶ፣ ልዩነቱ በብር ከነሳንቲሙ ይታያል። ይህ ድርብ ሥራ ለጸሐፊዎች ድካም መሆኑ አይካድም፤ ካናዳ ግን ይህን ድካም ለማስቀረት ብላ እናት ቅጂዋን አቃጠለች። በእኛ አገር መዝገቡ ቢያንስ በሁለት ፈታኝ ጊዜያት ማለፍ አለበት፤ አንደኛው ሰኔ 30 ቀን በጀቱ ተዘግቶ ሐምሌ 1 ቀን አዲሱ ሲከፈት፣ ሁለተኛው ጳጉሜን አልፎ የመስከረም ደመወዝ ሲወጣ ነው። በሚያዝያ ተተክሎ በግንቦት ደኅና ሠርቷል የሚባል ሥርዐት እነዚህን ሁለቱን ገና አላያቸውም። የአሮጌው መዝገብ መዝጊያ ደብዳቤም ከመስከረም ደመወዝ በፊት ለፊርማ የሚቀርብ ከሆነ፣ ፈራሚው የሰኔንና የመስከረምን ልዩነት የሚያሳየውን ወረቀት አስቀድሞ ይጠይቅ።